ግጥም፣ ዜማ ወይስ ቅንብር? አንዲት የዘፈን ደራሲ የውጭ አገር ማስተርሷን የመረጠችበት መንገድ

«ለመሆኑ ጥላሁን ማስተርስ ነበረው?» አሉኝ እናቷ።

ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነው። ልጃቸው ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ታገላብጣለች፤ እኔ የተጠራሁት ለሽምግልና ነው። ልጅቷ ዘፈን መጻፍ ልትማር ባሕር ማዶ ልሂድ ብላለች፣ ያውም በማስተርስ፣ ያውም የቤተሰቡን ቁጠባ ሙልጭ አድርጎ በሚወስድ ክፍያ። «አልነበረውም» አልኳቸው። «እና?» አሉና ሲኒውን አቀበሉኝ።

ለዚያች «እና?» መልስ ለማግኘት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብናል። ታሪኩን የምጽፈው በልጅቷ ፈቃድ ነው። ስሟን ትቼዋለሁ፤ በመንገድ ላይ ያስቸገሩንን ሰዎችና ድርጅቶችም ስም እንዲሁ። እኔ አቀናባሪ ነኝ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። እሷ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቅ ናት፤ ዋና መሣሪያዋ ፒያኖ፣ ከባህላዊው ክራር። ማታ ማታ ሆቴል ትጫወታለች፣ ቀን ቀን ለዘፋኞች ግጥምና ዜማ ትሠራለች። የተዋወቅነው ከሥራዎቿ አንዱን ሳቀናብር ነው፤ ያኔ 25 ዓመቷ ነበር።

ያ ሥራ «ፍቅራችን ገና ነው» የሚል አዝማች ነበረው። ዜማውን ስትሠራው «ገ»ን አሳጥራ «ና» ላይ ድምፁን ያዝ ታደርገዋለች። ዘፋኙም እንደሰጠችው ዘፈነው። «ና» ጠበቀች። ሳውንድ ኢንጂነራችን ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና «ፍቅራቸው በዓል ነው እንዴ? ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?» አለ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ «ጋሼ፣ የቱን ሕግ ነው የጣስኩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አፈርኩ። ሕጉን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፣ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ በቃል ልንገርሽ ብል ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም። «እንዲህ አይባልም» ብቻ ነው ያልኳት። እኛ አገር ግጥምና ዜማ የሚለመደው እንደዚህ ነው፣ ከታላላቆች ሥር ቁጭ ብሎ «እንዲህ አይባልም» እየተባሉ። ያሬድ ቅኝቶቹን በሚገባ አስተምሯታል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በእንቅልፍ ልቧ ትጫወታቸዋለች። ቃል በዜማ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን በወጉ የነገራት የለም። የውጭው ሐሳብ የተጠነሰሰው የዚያን ቀን ይመስለኛል፤ እሷ «የለም፣ ከዚያ በፊት ነው» ትላለች።

ፍለጋው ሲጀመር ግን ስለ ቃልና ዜማ ሳይሆን ስለ ሕንፃ ነበር። ቦስተን ያለው የሙዚቃ ኮሌጅ በርክሊ ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ላይም ግቢ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ያ ግቢ የሚገኘው አርክቴክቱ ካላትራቫ በሠራው ነጭ፣ የመርከብ ቅርጽ ባለው የኦፔራ ቤት ውስጥ ነው። ፎቶውን የስልኳ መክፈቻ አድርጋው ነበር። ዩቲዩብ ላይ ሰዓታት ካሳለፈች በኋላ ምን ምን ማስተርስ እንደሚሰጥ አብረን ስናነብ የፊልም ሙዚቃ፣ የሙዚቃ ቢዝነስ፣ ፕሮዳክሽንና ቴክኖሎጂ፣ የመድረክ አጨዋወት አገኘን። ሶንግራይቲንግ (የዘፈን ድርሰት) በራሱ ስም የቆመ ማስተርስ ሆኖ አልተዘረዘረም። «ግን እኮ በርክሊ ነው» አለች። አዎ፣ በርክሊ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ስም ሲነሳ ሁሉም ሰው ሙላቱ አስታጥቄን ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ገብቶ የተማረ፣ በ2012 ደግሞ ትምህርት ቤቱ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ሰው። ሙላቱ የሄደው ግን ወደ ቦስተን፣ ለጃዝና ለቫይብራፎን፣ በሌላ ዘመን ነው። ስሙ አንድ መሆኑ ትምህርቱን አንድ አያደርገውም።

የዚያን ሰሞን ከመደርደሪያዬ አንድ አሮጌ ካሴት አወረድኩ። ሽፋኑን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከዘፈኖቹ ርዕስ አጠገብ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እያለ የሦስት ሰዎች ስም ይደረደራል። እንግሊዝኛው «ሶንግራይቲንግ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠቀልለው ነገር ለእኛ ሦስት ሙያ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሦስት የተለያዩ ሰዎች እንጀራ። «ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን ልትማሪ ነው የምትሄጂው?» አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ «ግጥሙንና ዜማውን፣ በተለይ የሚጋጠሙበትን ቦታ» ብላ ጻፈችልኝ። በኋላ የመጣው ውሳኔ ሁሉ፣ የገንዘቡ ጣጣ ሲቀር፣ ከዚህች መልእክት የወጣ ነው።

በዚህ መለኪያ ስናየው ዝርዝሩ በአንድ ከሰዓት አጠረ። የጀርመኑ፣ ማንሃይም የሚገኘው ፖፕአካዴሚ፣ መንግሥት ያለበትና ስም ያለው ቤት ነው፤ ግን በጀርመንኛ ግጥም ሲተች ቁጭ ብላ ልታዳምጥ ነው፣ ተወው። ለንደን ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በኤጀንት በኩል መጣ፤ እሱን ለብቻው አወራዋለሁ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው በርክሊ ኒውዮርክ ውስጥ የከፈተው ግቢ ነው፤ ፓወር ስቴሽን በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በተቋቋመው ታዋቂ ስቱዲዮ ውስጥ ይገኛል፣ የማስተርሱ ዘርፍም «ሶንግራይቲንግና ፕሮዳክሽን» ነው። ሁለተኛው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የባዝ ስፓ ዩኒቨርሲቲ የሶንግራይቲንግ ማስተርስ ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው ነኝ ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሰጥ። ሁለቱም አንድ ዓመት ናቸው።

ኤጀንቱ። ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ አለው፣ ምንጣፍና የእንግሊዝ ባንዲራ ያለበት። አገልግሎቱ «ነፃ» ነው፤ ነፃ የሆነው ኮሚሽኑን ኮሌጁ ስለሚከፍለው ነው፣ ይህን ግን የነገረን እሱ አይደለም። በሦስት ቀን ውስጥ የመቀበያ ደብዳቤ አመጣ። ዘፈኖቿን ማንም ሰምቷቸው ከሆነ እኔ አላውቅም፤ አንድም ጥያቄ አልመጣላትም። ከዚያ «ቦታው እንዳይያዝብሽ» እያለ የቅድሚያ ክፍያውን ያጣድፋት ጀመር። ደንቡን በእንግሊዝኛ ስናነበው ገንዘቡ የሚመለሰው ቪዛ ከተከለከለች ብቻ ነው፤ ሐሳቧን ብትቀይር አይመለስም። ለቪዛ የሚታየውን የባንክ ሒሳብ ጉዳይ ስናነሳ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባላንስ የሚያሳይ ሰው አለን» አለ። ተነስተን ወጣን። የእንግሊዝ ኢሚግሬሽን በማጭበርበር የያዘውን አመልካች ለ10 ዓመት ሊያግድ ይችላል፤ ያን የሚሸከመው ፓስፖርት የእሷ ነው፣ የእሱ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ልጅቷ ከሆቴሉ እያጠራቀመች 380,000 ብር ነበራት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፣ ዶላሩ ግን ከ6,600 ገደማ ወደ 3,800 ወረደ። የአራት ዓመት ማታ ማታ ሥራ ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። የዚያን ሳምንት ስቱዲዮ መጥታ ክራሩን ብቻ ስትከረክር ዋለች።

ስኮላርሺፕ ሞከረች። ኮመንዌልዝ ለእኛ አይሆንም፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። የቀረው የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሦስት የተለያየ ኮርስ ያስመርጣል፣ ተምረሽ ስትጨርሺ ሁለት ዓመት አገርሽ ገብተሽ ተቀመጪ ይላል። ሰዓቱን አብረን ቆጠርነው። ሆቴል በሳምንት አራት ማታ፣ በማታ አራት ሰዓት፣ 16 ሰዓት፤ ለ2,800 ሰዓት 175 ሳምንት ያስፈልጋል። እሷ ከምረቃ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ተጫውታለች፣ ያልፋል። «ማታ ፒያኖ መነካካት የሥራ ልምድ ነው?» እያሉ የሚጠራጠሩ የሙዚቃ ልጆች ስላሉ ነው ይህን በዝርዝር የምጽፈው፤ ነው፣ ቁጠሩት። ለቃለ መጠይቅ ግን ሳትጠራ ቀረች። የመሪነት ችሎታ የሚጠይቁት ጽሑፎች ላይ ስለ ራሷ መናገር አልሆነላትም፤ «አፈረች» ቢባል ይቀላል። እኛ ያሳደግናቸው ልጆች እንዲህ ናቸው።

እዚህ ላይ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቷ ገባች። አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ የእናቷ ታናሽ፣ ደግ፣ ችኩል። የእሷ ምርጫ ኒውዮርክ ነው፤ ከእሷ ቤት በአውቶቡስ ይደረሳል፣ ስሙ ትልቅ ነው፣ «ቅዳሜና እሑድ ዲሲ መጥታ ሐበሻ ሬስቶራንት ትዘፍናለች፣ የቤት ኪራይዋን ትችላለች» አለች። በስልክ፣ በድምፅ ማጉያ፣ እናቷም እኔም እየሰማን። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ከግቢ ውጭ ተከፍሎ መሥራትን አይፈቅድም፣ ሬስቶራንት ውስጥ መዝፈንንም ጨምሮ፤ ግቢ ውስጥ እንኳ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ነው ጣሪያው። ይህን ስነግራት «ማን ያያል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዘመን ማስታወቂያው ፌስቡክ ላይ ከነፎቶዋ እንደሚለጠፍ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እሱስ እውነትህን ነው» አለች።

የእንግሊዙ ከዚያ የሚሻል መስሎን ነበር። የባሰ ሆኖ አገኘነው፣ ቢያንስ ለሙዚቃ ሰው። የማስተርስ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ከግቢ ውጭም መሥራት ይችላል፤ ካፌ፣ ሱፐርማርኬት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ። ግን በግል ሥራ መተዳደርና «አዝናኝ» ሆኖ ተቀጥሮ መሥራት ክልክል ነው። ይኸውም ሙዚቀኛዋ ሰሐን ማጠብ ትችላለች፣ ተከፍሏት መዝፈን አትችልም። ፈቃድ ያላት የኮርሱ አካል የሆነ የተግባር ልምምድ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያወጣነው በጀት «በወር ሁለት ኮንሰርት» የሚል መስመር ነበረበት፤ ሰረዝነው። ወደ ውጭ የሚሄዱ የሙዚቃ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊያነቡት የሚገባው ይህን አንቀጽ ይመስለኛል፤ ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በፊት።

ምርጫውን የለየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡ የእሷ ነው፣ እኔ አልኮራበትም። ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች የተመረቁ ሰዎችን በኢንስታግራም ፈልጋ አንድ አንድ ሰው አገኘች። «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» ብላ አልጠየቀችም፤ ያን ብትጠይቅ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። ይልቅ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ላከች፣ በስልኳ የቀዳችውን፣ በፒያኖ ብቻ የተዘፈነ፣ የሁለት መስመር ስንኝ፦

ቁልፉ በእጄ ሳለ፣ ነፋስ ሳይኖር ከቶ፣
አንተ የሄድክ ለታ ደጄ አደረ ተከፍቶ።

ሰሙ በሩ ሳይዘጋ ማደሩ ነው። ወርቁ ደጁ ራሱ ከፍቶት፣ አዝኖ ማደሩ። «ተከፍቶ» ሁለቱንም ነው። ዜማው ላይ ቃሉን ሁለት ጊዜ ታስደግመዋለች፣ መጀመሪያ ከፍ አድርጋ፣ ቀጥሎ ዝቅ አድርጋ። ትርጉሙን አልላከችም። «ይህን ክፍል ውስጥ ይዤ ብገባ ምን እባላለሁ?» ብቻ ነው ያለችው።

የኒውዮርኩ ምሩቅ በሁለተኛው ቀን መለሰ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ፋይል። ስንኙን ወስዶ ከበሮ፣ ቤዝና ሲንዝ አስገብቶ አቀናብሮ ልኮላታል። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ከሥሩ የከተተው ቤዝ እኔ በሳምንት የማላገኘው ነው። «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ ሐሳብ ይዘሽ ስቱዲዮ ትገቢያለሽ፣ ሥራ ሆኖ ይወጣል» አላት። ስለ ቃሉ አልጠየቀም፣ ጥፋትም አይደለም፤ የተማረው እሱን ነው። የባዝ ምሩቋ ከምሥራቅ አውሮፓ የሄደች ናት፣ መልሷ ሳምንት ቆየ። ስትመልስ ሦስት ጥያቄ ነበራት፤ አንዱ «የመጨረሻውን ቃል ለምን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዓይነት ስሜት ዘፈንሽው? ቃሉ ሁለት ነገር ነው የሚለው?» የሚል ነበር። አማርኛ አታውቅም፣ ሰምታም አታውቅም። እሷ ራሷ ክፍል ውስጥ ግማሹን ዘፈኗን በአገሯ ቋንቋ ጽፋ እንደምታቀርብ፣ ቃል በቃል ትርጉም ከሥሩ እየጻፈች ለሁሉም እንደምታድል፣ ክርክሩም በአብዛኛው የቃሉ ክብደት የሚያርፍበት ቦታና የዜማው ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ይገጥማሉ ወይ የሚለው ላይ እንደነበር ነገረቻት።

ያን መልእክት ስታነብልኝ ስለ «ገና» አሰብኩ። እሷም አስባ ነበር።

ከካሴቱ ሽፋን አንጻር ስናየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ኒውዮርክ ከሦስቱ ቅንብሩን አብልጦ ይሰጣታል፤ እጅግ ጥሩ አድርጎ። ባዝ የሚሰጣት ግጥምና ዜማ የሚጋጠሙበትን ቦታ ነው። «ለቅንብሩ እኔ አለሁ» አልኳት። እዚህ ላይ ገለልተኛ አልነበርኩም፤ ኒውዮርክ ብትሄድ ከእኔ ስቱዲዮ ጋር የሚያገናኛት ሥራ አይኖርም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። ራሷን ችላ ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ቅንብሯን ጨርሳ መልቀቅ ለምትፈልግ ልጅ ኒውዮርክን እመክራለሁ። ዛሬ የአዲስ አበባ ገበያ የሚሄደውም ወደዚያ ነው፤ ሦስቱን ሙያ በአንድ ሰው ወደ መጠቅለል። ልጅቷ ግን ሌላ ናት።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት። የኒውዮርኩ የትምህርት ክፍያ ከእንግሊዙ ሁለት እጥፍ አካባቢ ነው፣ የከተማውን ኪራይ ሳይጨምር። አክስቷ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም፣ «ኑሮውን እኔ እችላለሁ» እያለች። ያኔ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 መጨረሻ አሜሪካ በዓለም ዙሪያ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት አቆመች። ቀጠሮው እንደገና የተከፈተው በጁን አጋማሽ ገደማ ነው፣ ወረፋውም በዚያው ልክ ተከማችቶ። አክስቷ ያን ቀን ደውላ «በቃ እንግሊዝ ትሂድ» አለች። የመረጥነው በጥበብ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ክርክሩን የዘጋው ዋሽንግተን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልቆይ። እንግሊዝ ከቀሪው የትምህርት ክፍያ ሌላ የዘጠኝ ወር መኖሪያ አሳዪ ትላለች። በዚያ ወቅት ከለንደን ውጭ በወር 1,136 ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ 1,483 ነበር። ለባዝ 10,224፣ ለለንደን 13,347፤ የከተማ ምርጫ ብቻውን 3,123 ፓውንድ ልዩነት አለው። (ከኖቬምበር 2025 ወዲህ 1,171 እና 1,529 ሆኗል፤ አሁን የምታመለክቱ በአዲሱ አስሉ።) ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ አንድ ቀን አንድ ፓውንድ ቢጎድል ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

የተያዝነው ግን በ28ቱ ቀን አይደለም። ገንዘቡ ያለው አክስቷ ሒሳብ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ እቁብ ላይ ዕጣዋን አስቀድማ ለምና የወሰደችው ነው፣ አሌክሳንድሪያ፣ በስሟ፣ በዶላር። ለአሜሪካ ቢሆን የስፖንሰር ደብዳቤ ጽፋ ስቴትመንቷን ብታያይዝ ይበቃ ነበር። እንግሊዝ ግን የተማሪዋን የራሷን፣ ካልሆነም የወላጅን ወይም የሕጋዊ አሳዳጊን ሒሳብ ነው የሚቀበለው፣ ወይም የትዳር ጓደኛን። አክስት የለችበትም። ለእኛ አክስት እናት ናት፤ ለእነሱ ግን እንግዳ። ይህን ያወቅነው ጁን መጨረሻ ላይ ነው፣ ማመልከቻውን ልናስገባ አሥር ቀን ሲቀረው። አዲስ አበባ በስሟ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ አስከፈትን፣ ገንዘቡ ተላከ፣ ገባ፣ ከዚያ 28 ቀን መቁጠር። በየቀኑ ስልኳ ላይ ሒሳቧን ትከፍትና ትዘጋለች። «አንዳንዴ የሚነካው ሰው ያለ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

ሌላው በፍጥነት፦ ኦሪጅናል ዲግሪዋን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳዋን ከፈለች፤ የቲቢ ምርመራ አዲስ አበባ ባለው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ አደረገች፣ ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ አትሩጡ። የቪዛ ማመልከቻው ያኔ 524 ፓውንድ ነበር፣ የጤና ክፍያው በዓመት 776፤ የቪዛው ዕድሜ ከአሥራ ሁለት ወር ስለሚያልፍ ግማሽ ዓመት ተጨምሮ 1,164 ሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ 1,688 ፓውንድ፣ ከመኖሪያው ገንዘብ ውጭ፣ ከኪስ። ቪዛው መጣ።

አሁን ባዝ ናት። ዩኒቨርሲቲው ኒውተን ፓርክ የሚባል ገጠራማ ግቢ አለው፣ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ። ከተማው ውስጥ በዚያው በምዕራቡ በኩል ደግሞ ፌርፊልድ ሐውስ ይገኛል፤ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በስደት ሳሉ የኖሩበት፣ በ1958 ለከተማዋ የሰጡት ቤት። በመጀመሪያው ወር ሄዳ ፎቶ ላከችልን። እናቷ ፎቶውን አሳትመው ሳሎን ሰቅለውታል፤ ስለ ማስተርስ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም።

ያልተቋጨ አንድ ነገር አለ። ስትጨርስ የሚሰጠው የምሩቃን ቪዛ ሁለት ዓመት ነው፣ ያን ጊዜ በግሏ መሥራትም ተከፍሏት መዝፈንም ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ የሚያመለክት ግን 18 ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። እሷ የምትጨርሰው በ2026 መከር ነው፤ ማመልከት የምትችለው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ማጠናቀቋን ለኢሚግሬሽን ካሳወቀ በኋላ ነው። መካከሉ ጠባብ ነው። የስድስት ወር ጉዳይ ነው፣ ለአንድ ሙዚቀኛ ደግሞ ስድስት ወር አንድ አልበም ነው።

በገና ዋዜማ ማታ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ክፍል ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ያንኑ የድሮውን አዝማች፣ ዜማውን አስተካክላ፣ አብረዋት ለሚማሩት አስጠንታቸዋለች። ሰባት ስምንት ድምፅ ይሆናል፣ «ፍቅራችን ገና ነው» ይላል፣ «ና»ን እንደዚያ ዘፋኝ አጥብቀው። አስቆመቻቸው። በእንግሊዝኛ የምትለውን ሰማሁት፦ ረጅሙን ኖታ የሚሸከመው «ገ» ነው፣ እሱ ላይ ቆዩ፣ «ና»ን ነካ አድርጋችሁ እለፉ፤ ከቆማችሁበት ቃሉ ሌላ ይሆናል። እኔ ያቃተኝ ዓረፍተ ነገር። እንደገና ዘፈኑት።

ለሳውንድ ኢንጂነራችን አጫወትኩለት። ማዳመጫውን አድርጎ እስከ መጨረሻ ሰማና አወረደው። «እሺ» አለ፣ «አሁን ጾሙ ተፈታ።»